ሲሞር ክሬይ፦ ፍጥነትን በማቀዝቀዣ የገዛው ሰው

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ደስ ያላችሁን ምረጡ። አንድ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አድርጎ ጨርሶ ሬንደር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ መርካቶ የተገዛ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ባለፈው ሳምንት ባዮስ ውስጥ ገብቶ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከ4 ጊጋኸርዝ ወደ 4.4 አሳድጎታል፤ አልነሳ ሲለው ደግሞ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ አደረገለት። ተነሳ። ጌሙም ፈጠነ። አሁን ግን ሬንደሩ 97 በመቶ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ቀጥ አለ። ሙሽሮቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ።

ፍጥነት፣ ሙቀትና ቮልቴጅ ሦስቱ አንድ ላይ ሲጣሉ ምን እንደሚመስል ከሲሞር ክሬይ በላይ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሱፐር ኮምፒውተር አባት የሚባለው እሱ ነው። እርግጥ ክሬይ እንደ እኛ የሌላ ሰው ሥራ ገዝቶ ኦቨርክሎክ አላደረገም፤ ማሽኑን ከባዶ ተነስቶ ነው የሚሠራው። የታገለው ግን ያንኑ ችግር ነው፣ ያውም ለ40 ዓመት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1925 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ቺፐዋ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። ገና በአሥር ዓመቱ ገደማ ከብረት መጫወቻ ቁርጥራጮች የተበሳ ወረቀት አንብቦ ወደ ሞርስ ኮድ የሚቀይር ዕቃ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሬድዮ ሠራተኛ ሆኖ ወደ አውሮፓ ዘመተ፤ ኋላም ፊሊፒንስ ሄዶ የጃፓንን የምስጢር መልእክት በሚፈቱት መካከል ሠራ። ሲመለስ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረ፣ በ1951 ደግሞ በሒሳብ ማስተርሱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ከመሥራት ሌላ ሥራ አያውቅም።

በ1957 ኮንትሮል ዳታ የሚባል አዲስ ኩባንያ ሲቋቋም ክሬይም ገባበት። ኩባንያው ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ክሬይ ጥራታቸው ዝቅ ያሉ ርካሽ ትራንዚስተሮች ገዝቶ፣ ደካማውም ጠንካራውም እኩል ሊሠራበት የሚችል ሰርኪዩት ነደፈ። ዛሬ ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው ሁሉ የሚያማርረው በዚሁ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ትገዛላችሁ፣ አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ይበርራል፣ ሌላው ደግሞ ቢለምኑትም አይነቃነቅም። ዕጣ ነው። ክሬይ የተሻለ ዕጣ ሲጠብቅ አልተቀመጠም፤ መጥፎው ዕጣ ቢደርሰውም የሚሠራ ማሽን አሰበ። እንደ እኔ ከሕይወቱ ሁሉ ብልኅ ነገር ያደረገው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙም አይወራለትም እንጂ።

ሥራው ሲያድግ ከስብሰባና ከአለቃ ብዛት መሸሽ ፈለገ። በ1962 ከሚኒያፖሊስ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ እዚያው የትውልድ ከተማው፣ ቤቱ አጠገብ ላቦራቶሪ ተሠራለት። ትልቅ ነገር ለመሥራት የግድ መሐል ከተማ መግባት አለብኝ ብሎ ለሚጨነቅ የሱሉልታ ልጅ ይህን ልነግረው እወዳለሁ። ሲዲሲ 6600 የተባለው ማሽን የተወለደው እዚያ ነው። በ1963 ይፋ ሲሆን የአይቢኤም አለቃ ቶማስ ዋትሰን በንዴት ለሠራተኞቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ጽዳት ሠራተኛውን ጨምሮ 34 ሰው ብቻ ያለው ላቦራቶሪ እንዴት እኛን ያህል ኩባንያ ይቀድማል የሚል ነበር ነገሩ። ማሽኑ ከ1964 እስከ 1969 ድረስ በፍጥነት የሚስተካከለው አልተገኘም።

ፍጥነቱ ስንት ነበር? 10 ሜጋኸርዝ። የኪሳችሁ ስልክ በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል፤ ግን አትሳቁ። ፕሮሰሰር ውስጥ እንደ ከበሮ የሚመታ ሰዓት አለ። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ነው። በሁለት ምት መካከል ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ትራንዚስተር ተነስቶ ሌላው ጋ ደርሶ መርጋት አለበት። ምቱን ካፈጠናችሁት ሳይደርስ ይያዛል፣ 1 መሆን የነበረበት 0 ሆኖ ይነበባል። ቮልቴጅ ስትጨምሩ ትራንዚስተሩ ቶሎ ይገለበጣል፣ ለዚህ ነው የልጁ ኮምፒውተር የተነሳው። ዕዳው ግን ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ1.2 ወደ 1.35 ቮልት መሄድ ብቻውን 27 በመቶ ሙቀት ይጨምራል። የፍጥነቱ 10 በመቶ ሲታከልበት 39 በመቶ ገደማ ይሆናል። አሥር በመቶ ፍጥነት ለማግኘት ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋ እሳት ማለት ነው።

ክሬይ ይህን ሒሳብ ገና በጠዋቱ ስለተረዳ ከቅርብ ረዳቶቹ አንዱ ዲን ራውሽ የሚባል የፍሪጅ መሐንዲስ ነበር። ራውሽ ቀድሞ የሠራው ማቀዝቀዣ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። 6600 በውስጡ እንደ ፍሪጅ ፍሪዮን ይዞርበት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል፣ ወደ ሱሉልታ ስትወጡማ ከዚያም በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፤ ፋኑ ያው ፋን ሆኖ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ የውጭ አገር ዩቲዩበር ባሕር ዳር ተቀምጦ የሞከረውን ቮልቴጅ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የሱሉልታ የሌሊት ብርድ ግን ወገናችን ነው፣ እሱን አንክድም።

ከ6600 ቀጥሎ የመጣው 7600 በ1969 ወደ 36 ሜጋኸርዝ ደረሰ። ከዚያ 8600 ላይ ክሬይ ተሸነፈ። ሰርኪዩቶቹን ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ ሙቀቱም ብልሽቱም ከቁጥጥር ውጭ ሆነ፤ ማሽኑ ረጋ ብሎ መሥራት አልቻለም። እንደገና ከባዶ ለመጀመር ኩባንያው ገንዘብ የለኝም ሲለው በ1972 ወጥቶ የራሱን ክሬይ ሪሰርች አቋቋመ።

በ1976 የወጣው ክሬይ-1 ዛሬም ፎቶው የሚታወቀው ነው፤ ከላይ ሲታይ የሲ ፊደል ቅርጽ ያለው ማማ፣ ግርጌው ላይ ቆዳ የለበሰ መቀመጫ። ለጌጥ አልነበረም። ክብ የሆነው ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ ነው፤ በውስጡ ከ1.2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ አልነበረም። መቀመጫው ሥር ያለው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ነው። 5 ቶን ተኩል ይመዝናል፣ 115 ኪሎ ዋት ይበላል፣ ፍጥነቱ 80 ሜጋኸርዝ። የመጀመሪያው ማሽን ስድስት ወር ዘገየ። ያዘገየው ሒሳቡ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ነው፦ ከፍሪዮኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት በመጋጠሚያው እየተነነ ቦርዶቹ ላይ ያርፍና ሾርት ያደርጋቸዋል። ቱቦዎቹን ለመግጠም አዲስ የብየዳ ዘዴ መፈለግ ነበረበት።

የክሬይ-1 ትልቁ ጥበብ ግን ኃይሉ ላይ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት በድንገት ብዙ ኃይል ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ዝቅ ይላል። ባዮስ ውስጥ 1.35 ብላችሁ ብትጽፉም ሥራ ላይ ሲሆን 1.28 ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ ላይ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የሚባለው መቼት ይህን ለማካካስ ነው፤ እስከ ጫፍ ከወሰዳችሁት ደግሞ ሥራው ሲቀንስ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ያም ፕሮሰሰሩን ያስረጀዋል። ክሬይ ከሥሩ ነው ያደረቀው። እያንዳንዱ ምልክት ከተቃራኒው ጋር ጥንድ ሆኖ እንዲሄድ አደረገ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ሥራ ቢበዛበትም ቢያንስበትም የሚስበው ኃይል አንድ ዓይነት ስለሚሆን ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጅ ማስተካከያ እንኳ አላስፈለገውም።

የእኛ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ መብራቱም ከፍ ዝቅ ይልበታል። ስታቢላይዘር ይግዛ። ፍጥነቱን ወደ 4.2 ይመልስ፣ ቮልቴጁን በ0.01 እያወረደ ይሞክር፣ በእያንዳንዱ ደረጃ እንደ ፕራይም95 ያለ ፈተና ለጥቂት ሰዓት ያስኪደው፣ ሎድ ላይኑንም መሐል ላይ ይተወው። ጌም የሚያስኬድ መቼት ሁሉ ሬንደር አይችልም። የሰው ሰርግ ደግሞ አይደገምም።

መረጋጋትን በተመለከተ ክሬይ ራሱ ትምህርት ያገኘው ዘግይቶ ነው። 6600 ሜሞሪው ውስጥ ስሕተት የሚጠቁም ነገር አልነበረውም፤ ማሽኑን ያዘገያል ብሎ ያምን ነበር። የመጀመሪያው ክሬይ-1 በ1976 ለሙከራ የሄደው ሎስ አላሞስ ነው፣ ከፍታው 2,200 ሜትር ገደማ፣ ለሰበታ የቀረበ። ያኔ ሜሞሪው ስሕተቱን ያውቃል እንጂ አያርምም። በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ በላይ ስሕተት ተመዘገበ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ መዝገቡ ሲመረመር ምክንያቱ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ የሚፈጥራቸው ኒውትሮኖች ሆነው ተገኙ። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይበዛሉ። (እኛ ለምድር ወገብ ስለቀረብን የምድር ማግኔት ብዙውን ይመልስልናል።) ቀጥለው የተሸጡት ማሽኖች ስሕተት የሚያርም ሜሞሪ ተገጠመላቸው።

በ1985 ክሬይ-2 መጣ። አየርም ፍሪዮንም ስላልበቃው ሰርኪዩቱን በሙሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ ዘፈቀው። ፍጥነቱ ወደ 244 ሜጋኸርዝ ወጣ። ዛሬ ኮምፒውተራቸውን ዘይት ውስጥ የሚነክሩ ሰዎችን ቪዲዮ ስታዩ የመጀመሪያዎቹ እንዳይመስሏችሁ።

የመጨረሻው ምዕራፍ አሳዛኝ ነው። ክሬይ-3ን በሲሊኮን ፈንታ በጋሊየም አርሰናይድ ልሥራው አለ፤ ፈጣን ነገር ግን ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ ዕቃ። በ1989 ሌላ ኩባንያ ይዞ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ገባ። በ1993 አንድ ማሽን ብቻ ለአንድ የምርምር ተቋም አደረሰ። ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ነበር፣ ርካሽ ቺፖችም በብዛት ተደርድረው የእሱን ሥራ መሥራት ጀምረው ነበር። በማርች 1995 ኩባንያው ከሰረ።

ክሬይ ያኔ 69 ዓመቱ ነው። ጡረታ አልወጣም። በ1996 ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲቃወም የኖረውን ነገር፣ ብዙ ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ የሚያሠራ ማሽን መንደፍ ጀመረ። ሴፕቴምበር 22 ቀን ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ አውራ ጎዳና ላይ ጂፑ በሌላ መኪና ተመትታ ተገለበጠች። ኦክቶበር 5 ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ 71 ዓመቱ ነበር። ማሽኖቹ ዛሬ ቺፐዋ ፎልስ ሙዚየም ውስጥ፣ ጠፍተውና ቀዝቅዘው ቆመዋል።