መስመርን ግዘፍ ያስነሳው ጋስፓር ሞንዥ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማንና በክልሉ ያሉ ወረዳዎችን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፡፡ የጎርፍ ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፤ ውኃው የት ድረስ እንደሚደርስ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም ወይ? ይቻላል፡፡ የወንዙንና የሜዳውን ቅርጽ በኮምፒዩተር ውስጥ ሠርቶ፣ በላዩ ላይ ውኃ እየለቀቁ መሞከር ነው፡፡ መሐንዲሶች ይህን ሲሙሌሽን ይሉታል፡፡ ኮምፒዩተሩ ግን ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፡፡ በወረቀት ላይ የተኛው ጠፍጣፋ ሥዕል ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው አካል ሆኖ መነሳት አለበት፡፡

ይህ እንዴት እንደሚደረግ ሥርዓት አበጅቶ ለዓለም ያስተማረው ሰው ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ነው፡፡ እኔም ዛሬ የእሱን ሕይወት ላወጋችሁ የመረጥኩት ታሪኩ ከእኛው ባሮ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነገር ስላለ ነው፡፡ (ስለ ሞንዥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሞንዥ የተወለደው በግንቦት 1746 በቡርጎኝ ግዛት፣ ቦን በምትባል ከተማ ነው፡፡ አባቱ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፡፡ ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሊዮን ከተማ ላይ ፊዚክስ እንዲያስተምር ተደረገ፡፡ በ1764 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የቦንን ፕላን በትልቅ መጠን አነሳ፡፡ የመለኪያ መሣሪያዎቹን ራሱ ነበር የሠራቸው፡፡ ይህን ካርታ ያየ አንድ የምህንድስና መኮንን ወጣቱ ሜዚዬር ወደሚገኘው የንጉሡ የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት እንዲገባ ረዳው፡፡

ገባ፤ በዋናው በር ግን አልነበረም፡፡ መሐንዲስ መኮንን ለመሆን የመኳንንት ዘር መሆን ያስፈልግ ነበር፡፡ የነጋዴው ልጅ የተመደበው ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ነው፡፡ ሥዕል ይነድፋል፤ የድንጋይ አጠራረብ ለማስተማር የሚያገለግሉ የጄሶ ሞዴሎችንም ይሠራል፡፡ መኮንኖቹ ይህን ክፍል ይንቁት ነበር፡፡ እኔ ግን ዕድሉ እዚያ ነበር እላለሁ፡፡ ከጠፍጣፋ ሥዕል ተነስቶ አካል ያለውን ነገር በገዛ እጁ እየቀረጸ፣ የሁለቱን ግንኙነት በጣቱ ነው የተማረው፡፡

ብዙም ሳይቆይ ከባድ ሥራ ተሰጠው፡፡ አንድ ምሽግ በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች የሚተኮስ ጥይት ውስጡን እንዳያገኘው ግንቡ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ማስላት ነው፡፡ በዚያ ጊዜ ሥራው እያንዳንዱን የእይታ መስመር በቁጥር ማስላት የሚጠይቅና እጅግ አድካሚ ነበር፡፡ ሞንዥ የቁጥሩን ክምር ትቶ ነገሩን በሥዕል ፈታውና ቶሎ ይዞ ቀረበ፡፡ አለቃውም በዚህ አጭር ጊዜ ሊሠራ አይችልም ብሎ ለማየት እንኳ አልፈለገም፡፡ ሞንዥ ግን አልተበገረም፡፡ በመጨረሻ ሲመረመር መልሱ ትክክል ሆኖ ተገኘ፡፡ ልብ በሉ፤ ግንቡ ሳይገነባ፣ ጥይት ሳይተኮስ ውጤቱ በወረቀት ላይ ተሞክሯል፡፡ የዛሬው ሲሙሌሽን ሐሳብም ይኸው ነው፡፡

ዘዴው ምን ነበር? የጋምቤላን ጎጆ እንውሰድ፡፡ ከላይ ሆነን ብናየው ክብ ነው፡፡ ክብ ብቻ ካየን ግን ጎጆ ይሁን፣ በርሜል ይሁን፣ ኳስ ይሁን አናውቅም፡፡ ከፊት ለፊት ብናየው ደግሞ በአራት ማዕዘን ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ ይታየናል፡፡ ለብቻው ይህም አይበቃም፤ ቆርቆሮ የለበሰ አራት ማዕዘን ቤትም ከፊት እንዲያ ሊታይ ይችላል፡፡ ሁለቱን እይታዎች አንድ ላይ ስናደርግ ግን ጎጆው ይገለጣል፡፡ ሞንዥ በጠፈር ላይ ያለችን እያንዳንዷን ነጥብ አንድ ጊዜ ወደ ወለሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ግድግዳው ያወርዳታል፡፡ ከዚያ ግድግዳውን እንደ መዝጊያ አጥፎ ከወለሉ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያስተኛዋል፡፡ ከዚህ ሁለት ሥዕል ማንኛውንም ርቀት፣ ማዕዘንና የአካላት መገናኛ መስመር ማውጣት ይቻላል፡፡ ይህ ዕውቀት ገላጭ ጂኦሜትሪ ተባለ፡፡ ዛሬ ፕላንና ኤሌቬሽን የምንለው አነዳደፍ ሥርዓት የያዘው በዚህ ነው፡፡

ዘዴው የታወቀለት ሰው ወዲያው ዝነኛ መሆን ነበረበት፡፡ ነገር ግን ሠራዊቱ ዕውቀቱን የጦር ምስጢር አደረገውና ከትምህርት ቤቱ አጥር እንዳይወጣ ከለከለ፡፡ ሞንዥ በ1769 የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በ1780 የሳይንስ አካዳሚ አባል ተደረገ፡፡ ዋናው ግኝቱ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ተቆልፎበት ኖረ፡፡ ቁልፉን የሰበረው የፈረንሳይ አብዮት ነው፡፡ ሞንዥ በ1792 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ለጥቂት ወራት ሠራ፤ ቀጥሎም የመድፍ ሥራን አደራጀ፡፡ በ1794 ኤኮል ፖሊቴክኒክ የሆነውን ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ነው፡፡ በ1795 ገላጭ ጂኦሜትሪን በአደባባይ አስተማረ፤ ትምህርቱም በ1799 በመጽሐፍ ታተመ፡፡ ከዚያ በኋላ ዘር የማይጠየቅበት ዕውቀት ሆነ፡፡

ሰውየው እንከን አልነበረውም አልልም፡፡ በ1796 ወደ ጣሊያን ተልኮ ወደ ፓሪስ የሚጋዙትን የኪነ ጥበብ ሥራዎች ከመረጡት አንዱ ነበር፡፡ ቅርሱ የተዘረፈበት የእኛ አገር ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም፡፡ ከናፖሊዮን ጋር የነበረው ወዳጅነትም በ1798 ወደ ግብፅ ወሰደው፡፡ ካይሮ ላይ የተቋቋመው የሳይንስ ተቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በበረሃ ውኃ መስሎ ስለሚታየው የአየር ነጸብራቅም እዚያው ጥናት አቀረበ፡፡ ተቋሙ የተመሠረተው በነሐሴ፣ ዓባይ በሚሞላበት ወቅት ነው፡፡ በሞንዥ ፊት ካለፈው ውኃ የተወሰነው ከኢሉባቦር ተራሮች ወርዶ፣ በጋምቤላ አድርጎ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ የተጓዘ የባሮ ውኃ ነበር፡፡

ናፖሊዮን ሲወድቅ ሞንዥም አብሮ ወደቀ፡፡ በ1816 ከአካዳሚው ተባረረ፤ ማዕረጉንም ተነጠቀ፡፡ በዚያው ዓመት በንጉሡ ትዕዛዝ አካዳሚው ከገቡት አንዱ ወጣቱ ኮሺ ነው፡፡ በ1822 በአካል ውስጥ ኃይል እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጸውን የሒሳብ መንገድ ያቀረበው እሱ ነው፡፡ ዛሬ ኮምፒዩተር አንድን አካል በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ሲፈልግ የሞንዥን ቅርጽና የኮሺን ሒሳብ ያገናኛል፡፡ ሞንዥ በሐምሌ 1818 ፓሪስ ላይ አረፈ፡፡ ተማሪዎቹ በቀብሩ እንዳይገኙ ተከለከሉ፤ እነሱ ግን በኋላ መቃብሩ ድረስ ሄደው አበባ አኖሩለት፡፡ በ1989 አጽሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ፓንቴኦን ተዛወረ፡፡

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ፡፡ በአቦቦ የአልዌሮ ግድብ አለ፡፡ እንዲህ ያለውን የአፈር ግድብ መሐል ላይ እንደ ዳቦ በቁመቱ ቆርጦ፣ አንዱን ገጽ ብቻ ማስላት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የጎረቤቱ ቁራጭ ተመሳሳይ ነውና፡፡ ግድቡ ከኮረብታ ጋር በሚጋጠምበት ጫፍ ግን ቁራጮቹ አይመሳሰሉም፡፡ እዚያ ሙሉውን አካል ማስነሳት ግድ ይላል፡፡

የባሮ ሜዳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፡፡ የአገራችን የ1፡50,000 ካርታዎች የከፍታ መስመር በአብዛኛው በየ20 ሜትሩ ነው የሚሰመረው፡፡ ከጋምቤላ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የሚወርደው መሬት ግን በጣም ለጥ ያለ ነው፤ በሁለት መስመሮች መሐል ሰፊ አገር ይተኛል፡፡ መንደር የሚያጠፋ ጎርፍ ሁለትና ሦስት ሜትር ብቻ ስለሆነ በመስመሮቹ መሐል ይጠፋል፡፡ በየካቲት 2000 ከመንኮራኩር የተለካው የራዳር ከፍታም የሜትሮች ስህተት አለው፤ በወንዝ ዳር ያለውን የዛፍ ጫፍ እንደ መሬት ሊቆጥረው ይችላል፡፡ ከእንዲህ ያለ ልኬት የተነሳ ሞዴል በስክሪን ላይ ያምራል፤ ሰው ግን ከጎርፍ አያድንም፡፡

በሞንዥ ቋንቋ ብናገረው፣ ከላይ የታየው ሥዕል በእጃችን አለ፤ የጎደለን ከጎን የሚታየው ነው፡፡ እሱ የሚገኘው በእግር ተሂዶ፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ለክቶ፣ ውኃው ባለፈው ክረምት ግድግዳው ላይ የት እንደደረሰ ነዋሪውን ጠይቆ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ልኬት በአንድ ፕሮጀክት ተሠርቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ፡፡ ሜዚዬር ምስጢር ያደረገችው ከጠላት ለመከላከል ነበር፡፡ እኛ የባሮን ከፍታ የምንደብቀው ከማን ነው?