ጻድቁ ንጉሥ ላሊበላ

ንጉሥ ላሊበላ በላስታ በሮሐ ተወለደ። በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቡት፥ ንብ ግዛቱን አወቀች ለማለት ይህ ስም ወጣለት። ታላቅ ወንድሙ ንጉሥ ሐርቤ ግን ስለ ዙፋኑ ፈርቶ ቀናበት፤ ገድሉ እንደሚነግረን ላሊበላ መርዝ ጠጣ፥ በጅራፍም ተገረፈ።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ መርዙን ጠጥቶ ወደ ሰማይ በተነጠቀና አብያተ ክርስቲያናቱን ባየ ጊዜ፥ ገና ዘውድ አልጫነም፥ አንድ ድንጋይም አልጠረበም ነበር። እንደ አብርሃም አስቀድሞ አመነ እንጂ በሥራው ዋጋ አልተጠራም። ስለዚህ ቋጥኙን የፈለፈለው ጽድቅን ሊገዛ ሳይሆን፥ የተቀበለውን እምነት በሥራ ሊገልጥ ነው። ቅዱስ ጳውሎስና ቅዱስ ያዕቆብም በዚህ ነገር አይጣሉም፤ የሚጣሉ የሚመስለው አንዱን ብቻ ለሚያነብ ነው።

ሐርቤ ተጸጽቶ ይቅርታ በለመነው ጊዜ ላሊበላ ቂም አልያዘም፤ ይህም ድንጋይ ከመፈልፈል የሚከብድ ሥራ ነው። ከዚያ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ፤ ዘመነ መንግሥቱም በትውፊት 40 ዓመት ይባላል። በስሙ የሚጠሩት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይቀደስባቸዋል።

በመጨረሻም ዙፋኑን ለነአኩቶ ለአብ፥ ለዚያ ላስገረፈው ወንድሙ ልጅ፥ ለቀቀለት። ዕረፍቱ ሰኔ 12 ቀን ይከበራል፤ መቃብሩም በጎልጎታ ነው ይባላል።