እርሳሱ ከየት መጣ? የአርተር ሆልምስ ሕይወት

በዚህ እትማችን የጂኦሎጂ ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ስሙን የምታውቁትን አርተር ሆልምስን ይዘን ቀርበናል።

ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1890 በሰሜን እንግሊዝ፣ ጌትስሄድ ተወለደ። ለንደን ፊዚክስ ሊማር ገብቶ ልቡ ወደ ጂኦሎጂ አዘነበለ። በ21 ዓመቱ፣ ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ መለወጡን ተጠቅሞ የአለቶችን ዕድሜ አሰላ። (እርሳስ ስንል ብረቱን ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ከእርሱ ቅንጣት የለም።) በዚያው ዓመት ገንዘብ ስለቸገረው ማዕድን ፍለጋ ሞዛምቢክ ወረደ። ወባ ክፉኛ ጣለው፤ ሞቷል የሚል ወሬም አገሩ ደረሰ። በኋላ በርማ ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ ሲሠራ ኩባንያው ከሰረ፤ ትንሹ ልጁም እዚያው በተቅማጥ ሞተበት። በ1924 ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

በ1937 አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ከማዕድን ጉድጓድ የሚወጣው እርሳስ ምንጩ የት ነው? ብዙዎች ግራናይትን ከፈጠረው ቅልጥ አለት ነው ይሉ ነበር። ሆልምስ አልተቀበለም። ግራናይት ዩራኒየምና ቶሪየም ስላለው በውስጡ ያለው እርሳስ በዘመን ብዛት አቶሚክ ክብደቱ መለወጥ አለበት፤ የማዕድኑ እርሳስ ግን ጥንታዊም ሆነ አዲስ፣ ክብደቱ ያው ነው። ስለዚህ ምንጩ ከምድር ቅርፊት በታች ነው ብሎ ደመደመ።

በዓመቱ አሜሪካዊው አልፍሬድ ኒር የልዩ ልዩ አገር የእርሳስ ማዕድናትን አይሶቶፖች በማስ ስፔክትሮሜትር ለካ። ድብልቃቸው ተለያይቶ ተገኘ! ከዩራኒየም የሚወለዱት 206 እና 207 አማካይ ክብደቱን ወደ ታች፣ ከቶሪየም የሚወለደው 208 ደግሞ ወደ ላይ ስለሚስቡት ልዩነቱ ተቻችሎ ይጠፋል። ሆልምስ የተደገፈበት ማስረጃ ተናደ።

እኛን የገረመን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። የገዛ ማስረጃውን ያፈረሱትን የኒርን ቁጥሮች ወስዶ ከስሌት መኪና ጋር ተቀመጠ። ከግሪንላንድ የመጣ የእርሳስ ማዕድንን መነሻ አድርጎ በ1946 የምድርን ዕድሜ ወደ 3 ቢሊዮን ዓመት ገመተ። ጀርመናዊው ሁተርማንስም በዚያው ዓመት፣ ለብቻው፣ ተመሳሳይ መንገድ አገኘ። በ1956 ክሌር ፓተርሰን ቁጥሩን 4.55 ቢሊዮን አደረሰው።

ዛሬ ጂኦሎጂስቶች የአንድን ማዕድን ምንጭ ሲፈልጉ እነዚያን ሦስቱን አይሶቶፖች ከ204 ጋር ያነጻጽራሉ፤ 204 ከሌላ ንጥረ ነገር ስለማይወለድ መጠኑ አይጨምርም። ከዚያ ውጤቱን በአካባቢው ካሉ አለቶች ጋር ያስተያያሉ። ሆልምስ በ1965 ለንደን ውስጥ ሲሞት የ1937ቱ ጥያቄው በየማዕድን ጉድጓዱ ገና ይጠየቅ ነበር።