ሃሮልድ ዊለርና የሚለበስ አንቴና ልኬት

እ.ኤ.አ. በ2013 በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ለነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በሳተላይት የሚከታተሉ የአንገት ማሰሪያዎች ሲታሰሩ፣ የተፈለገው መንጋው በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል የሚያደርገውን ረጅም ጉዞ ለማወቅ ነበር። እንዲህ ያለው ማሰሪያ በሙያችን ዓይን ሲታይ በአካል ላይ የተለበሰ አንቴና ነው። አንዱ ማሰሪያ ድንገት ዝም ቢል እንስሳው ሞቶ ነው ወይስ አንቴናው የተሰጠውን ኃይል በሙቀት አባክኖት? ይህን ለመለየት አስቀድሞ አንቴናውን በትክክል ለክቶ ማወቅ ግድ ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ልኬት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሃሮልድ ዊለር ነው።

ዊለር እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ በሬዲዮ መቀበያ ማጉያዎች ውስጥ የሚነሣውን ፉጨት የሚያስወግድ ዘዴ አገኘ፤ ይሁን እንጂ ፕሮፌሰር ሄዝልታይን በዚያው ሐሳብ ቀድሞት ነበር። ሁለቱ በመፎካከር ፈንታ ባልደረቦች ሆኑ። ዊለር በ1925 በፊዚክስ ከተመረቀ በኋላ የሬዲዮን ድምፅ መጠን በራሱ የሚያስተካክለውን ዘዴ ፈለሰፈ። ፈጠራው በየቤቱ ቢገባም የባለቤትነት መብቱን በ1941 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያቆየው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ በኋላ ለትንንሽ አንቴናዎች የሠራው ሥራ ነው።

በ1946 የራሱን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ አንቴና ከሞገዱ ርዝመት አንጻር እጅግ ሲያንስ የሚሠራበት የድግግሞሽ ስፋት እንደሚጠብ አስረዳ፤ በ1959 ደግሞ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ክዳን አቀረበ። ሐሳቡ እንደ ድስት ክዳን ቀላል ነው። በነፃ ቦታ የሚለካው የአንቴና ተቃውሞ የጨረራውና የብክነቱ ድምር ነው። ራዲየሱ የሞገዱ ርዝመት አንድ ስድስተኛ ገደማ የሆነ የብረት ክዳን ሲደፋበት ጨረሩ ይታገድና ብክነቱ ብቻ ይቀራል። ለምሳሌ ያለ ክዳን 5 ኦም፣ በክዳን ውስጥ 2 ኦም ቢገኝ፣ ልዩነቱ 3 ኦም የጨረራው ድርሻ ስለሆነ ቅልጥፍናው 60 በመቶ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንቴናው ሲለበስ ነው። በ150 ሜጋኸርዝ የክዳኑ ራዲየስ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቆርኬ ደግሞ ከነነፍሱ በክዳን ሥር እሺ ብሎ አይቆምም። ውሃና ጨው ያለበት ሥጋ ኃይሉን ይመጣል፤ አንቴናው የተቃኘበትንም ድግግሞሽ ያዛባል። ስለዚህ ባዶው ማሰሪያ በክዳን ውስጥ ያስገኘው ቁጥር የሚነግረን የአንቴናውን የራሱን ብክነት እንጂ አንገቱ የሚወስደውን አይደለም። ይህን ሁለተኛ ብክነት ለማግኘት የዛሬ መሐንዲሶች እንደ ሥጋ ጠባይ ያለው ፈሳሽ የተሞላ ምስለ አካል ሠርተው፣ ማሰሪያውን በላዩ አስረው፣ ሞገድ በሚያስተጋባ የብረት ክፍል ውስጥ ይለካሉ።

ዊለር በ1964 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋምን የክብር ሜዳልያ ተቀበለ። በ1996 በ92 ዓመቱ ዐረፈ።