ነፋስን ያጠናው መሐንዲስ ኤድመንድ ሩምፕለር

ኤድመንድ ሩምፕለር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር በቪየና ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። የመሐንዲስነትን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በበርሊን የአይሮፕላን ፋብሪካ አቋቋመ፤ ኤትሪክ የተባለው ሰው የፈለሰፈውን፣ ርግብ የሚባለውንም አይሮፕላን በብዛት ሠርቶ ስሙ ታወቀ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ጀርመን አይሮፕላን እንዳትሠራ በውል ስለ ተከለከለች፣ ሩምፕለር ስለ ነፋስ ያገኘውን ዕውቀት ወደ ኦቶሞቢል አዞረው። በዚያን ዘመን ኦቶሞቢል እንደ ፈረስ ሠረገላ ባለ ማዕዘን ሁኖ ይሠራ ስለ ነበረ፣ በሮጠ ጊዜ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ ኃይሉን በከንቱ ይጨርስ ነበር፤ ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የነፋሱ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናልና። ሩምፕለር ግን አካሉን በውሃ ጠብታ አምሳል ፊቱን ድቡልቡል፣ ኋላውን እየቀጠነ የሚሄድ አድርጎ ሠራው። ዋናው ብልሃት ከኋላ ነው፤ የተከፈለው ነፋስ ሳይታወክ መልሶ ይገጥማልና።

ይህን ኦቶሞቢል በ1921 በበርሊን ኤግዚቢሽን አሳየ። ሕዝቡ በመልኩ ተደነቀ እንጂ ገዢው ጥቂት ነበር፤ ሞተሩ ይግል ነበር፣ የዕቃ ማኖሪያም አልነበረውም። የተሠራው መቶ ያህል ብቻ ነው።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ በአይሁድነቱ ታሰረ፤ ቢፈታም ሥራው ፈረሰ፣ በ1940 ሞተ።

በ1979 መሐንዲሶች ከሙዚየም አንዱን ኦቶሞቢል አውጥተው በነፋስ መሞከሪያ ቢመዝኑት፣ የተቃውሞው ቁጥር 0.28 ሁኖ ተገኘ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነፋሱ ይቀላል፤ ዛሬ ከሚሠሩት ኦቶሞቢሎች ብዙዎቹ ከዚህ አይሻሉም።