ቃሉን እንደ ሰዓት የጠበቀው ኪንታሮ ሃቶሪ

ሴይኮ የሚለውን ስም በእጅ ሰዓት ላይ አይታችሁት ይሆናል። የመሥራቹን የኪንታሮ ሃቶሪን ታሪክ ግን የሰማችሁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ዛሬ እሱን እናስተዋውቃችሁ።

ሃቶሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው ከተማ ተወለደ። አባቱ ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በዚያ ዘመን ጃፓኖች ቀኑን በ6፣ ሌሊቱንም በ6 ክፍል ይከፍሉ ስለነበር የአንዱ ሰዓት ርዝመት ከወቅት ወደ ወቅት ይለያይ ነበር። በ1873 ግን በመንግሥት ትእዛዝ 24ቱ እኩል ሰዓቶች ሥራ ላይ ዋሉ። ሕዝቡ ጊዜ መቁጠርን እንደገና መማር ነበረበት። እናንተም ሰዓትን ከንጋት ጀምራችሁ መቁጠር ለምዳችሁ የመጣችሁ ናችሁና፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሃቶሪ ገና በልጅነቱ በአንድ ሱቅ ተቀጠረ። ዝናብ በጣለ ቀን ገዢ ስለሚጠፋ ሱቁ ሥራ ይፈታል። በአቅራቢያው የነበረው ሰዓት ሻጭ ግን ገዢ ባይመጣም ቁጭ ብሎ ሰዓት ይጠግናል። ልጁ ይህን አስተውሎ የሰዓት ሙያ ተማረ። በ1881፣ በ21 ዓመቱ፣ የራሱን የሰዓት መደብር ከፈተ።

ዕቃ የሚገዛው በዮኮሃማ ወደብ ከነበሩት የውጭ አገር ነጋዴዎች ነበር። ብዙዎች ዕዳቸውን ሲያዘገዩ፣ ሃቶሪ ግን የመክፈያውን ቀን አንድም ጊዜ ላለማሳለፍ ይጠነቀቅ ነበር። ነጋዴዎቹም ስላመኑት አዲስ ሰዓት በገባ ቁጥር ለእሱ ያስቀድሙለት ጀመር።

በ1892 ሴይኮሻ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። ትርጉሙ የረቀቀ ሥራ የሚሠራበት ቤት እንደ ማለት ነው። ጹሩሂኮ ዮሺካዋ ከሚባል የሰዓት ባለሙያ ጋር ሆኖ በመጀመሪያ የግድግዳ ሰዓት፣ በ1895 የኪስ ሰዓት፣ በ1913 ደግሞ ለጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን የእጅ ሰዓት ሠራ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ነው። ቶኪዮና አካባቢዋ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ፤ ከ100,000 በላይ ሰዎች አለቁ። የ62 ዓመቱ ሃቶሪ ፋብሪካውን በእሳት አጣ። ደንበኞች ለጥገና የሰጧቸው 1,500 ያህል ሰዓቶችም አብረው ተቃጠሉ። አደጋው የእሱ ጥፋት አልነበረም። እሱ ግን በጋዜጣ ማስታወቂያ አስነግሮ፣ ሰዓታቸው ለተቃጠለባቸው ሁሉ ተመጣጣኝ የሆነ አዲስ ሰዓት ያለ ክፍያ ሰጠ። ፋብሪካውንም እንደገና ሠራ። ሴይኮ የሚል ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት በ1924 ወጣ።

ሃቶሪ በ1934 በ73 ዓመቱ አረፈ። ከሁለት ዓመት በፊት በጊንዛ መንገድ ያሠራው ባለ ሰዓት ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በዚያው በጊንዛ ሰፈር የሴይኮ ሙዚየም አለ። ወደ ቶኪዮ የመሄድ ዕድል ካጋጠማችሁ ጎብኙት። እንደየወቅቱ የሚቆጥሩትን የጥንት ሰዓቶችና የሃቶሪን የመጀመሪያ ሥራዎች ታያላችሁ። በዚያ ቃጠሎ ቀልጠው እርስ በርስ የተጣበቁ የኪስ ሰዓቶችም አሉ። እነዚያ ሰዓቶች የደንበኞች አደራ ነበሩ፤ ሃቶሪም አደራውን መልሷል።