ዓለም ያየው ልጅ፦ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ

በዚህ ዓምድ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ለዛሬ የመረጥኩት ሰው ግን ትንሽ ለየት ይላል። ታዋቂ የሆነው ትልቅ ሥራ ሠርቶ አይደለም፤ ልጅ ሳለ ሰው ሁሉ ስላየው ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። በልጅነታቸው በፊልም ወይም በድራማ ላይ የታዩ ልጆች ሲያድጉ ምን ይሆናሉ? ትንሽ ሆነው ሲታዩ ሁሉም ያደንቃቸዋል፤ ካደጉ በኋላስ? እኔ መልሱን መፈለግ የጀመርኩት ከራሳችን አገር ልጅ ነው። በእሱ ዘመን ፊልም ገና አልተፈጠረም፤ ፎቶግራፍ ግን ነበር።

ጎንደር ፒያሳ ያለውን የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት የማያውቅ የለም። አውሮፕላን ማረፊያችንም በስማቸው ነው የሚጠራው። የልጃቸውን የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ግን ብዙዎቻችን በደንብ አናውቀውም። ስሙን እንሰማለን፣ በቃ እሱ ብቻ ነው።

ዓለማየሁ የተወለደው በ1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ የቋራው ካሣ፣ ማለትም አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ይህ ነገር ይገርማል። ለምን መሰላችሁ? ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ ያለችውን ደራስጌ ማርያምን ያሠሯት ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ በጦርነት አሸነፏቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ አሸናፊው የተሸናፊውን ልጅ አገቡ። ስለዚህ ዓለማየሁ በአባቱ የቋራ፣ በእናቱ የስሜን ልጅ ነው። ደባርቅና ጃናሞራ ዘመድ ያላችሁ ተማሪዎች፣ የእናቱ አገር የእናንተም አገር ነው ማለት ነው።

ስሙን ለያይታችሁ ብታነቡት ዓለም አየሁ ይላል። በታሪኩ ውስጥ ግን ዓለምን ከማየቱ ይልቅ ዓለም እሱን ያየው ይበልጣል።

አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ተቆጥተው አውሮፓውያንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ጄኔራል ናፒየርን ከብዙ ሠራዊት ጋር ላከ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በራሳቸው ሽጉጥ ሞቱ። ወታደሮቹ ዘውዱን፣ ታቦታቱን፣ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር የተሰበሰቡትን የብራና መጻሕፍት ወሰዱ። ዕቃው በዝሆንና በብዙ በቅሎ ተጭኖ ነው የሄደው። ዓለማየሁንም ከእናቱ ጋር ይዘዋቸው ወረዱ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ባሕሩ ጋ አልደረሱም። ታመው በመንገድ ላይ በግንቦት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበሩ። አስቡት እስቲ። ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። እኛ በሰባት ዓመታችን አንደኛ ክፍል ገብተን ሀ ሁ እንቆጥር ነበር። እሱ ግን በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ከእንግሊዞቹ መካከል ስፒዲ የሚባል በጣም ረጅም መኮንን ነበር። ቀደም ሲል በአገራችን ስለኖረ አማርኛ ይችላል፤ ሰዉም ባሻ ፈለቀ ይለው ነበር። ልጁን እንዲጠብቅ የተደረገው እሱ ነው። ዓለማየሁ ከባሻ ፈለቀ መለየት አይወድም ነበር፤ ሌሊት ብቻውን መተኛትም ይፈራል። በቋንቋው የሚያናግረው ሰው እኮ እሱ ነበር።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ደረሱ። ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀበሉት፣ ወደዱትም። ከዚህ በኋላ ነው ታዋቂ የሆነው። በዚያችው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ትኖር ነበር። ዓለማየሁን ብቻውንም ከስፒዲ ጋርም የአገር ልብስ አስለብሳ ፎቶ አነሳችው። ያኔ ፎቶ መነሳት እንደዛሬው ስልክ አውጥቶ ጠቅ ማድረግ አይደለም። ጥሩ ፎቶ እንዲወጣ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያስፈልጋል። ልክ እንደ ድራማ ተዋናይ በተባለበት ቦታ፣ በተባለው ልብስ፣ በተባለው ሁኔታ መቀመጥ ነው። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። በነሱ ላይ ዓለማየሁ አይስቅም። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ የሚያየው ግን ካሜራውን ሳይሆን ሌላ ነገር ይመስላል። እናቱ ከሞቱ ገና ጥቂት ወራቸው ነው።

ሰው ሁሉ የንጉሡን ልጅ ማየት ፈለገ። ታዲያ ይህ ታዋቂ ልጅ ሲያድግ ምን ሆነ?

መጀመሪያ ስፒዲ ሥራ አግኝቶ ወደ ሕንድ ሲሄድ ይዞት ሄደ። እዚያ ከስፒዲና ከሚስቱ ጋር ጥቂት ዓመታት ኖረ። ከዚያ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ እንግሊዝ አገር መማር አለበት ብሎ ወሰነና ከስፒዲ ለየው። ይህ ለዓለማየሁ ሦስተኛው መለየት ነው፤ አባቱ፣ እናቱ፣ አሁን ደግሞ ባሻ ፈለቀ። ጄክስ ብሌክ የሚባሉ ርዕሰ መምህር ጋ ቸልተንሃም በሚባል ከተማ ተቀመጠ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1874 ራግቢ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሲዛወሩ እሱም አብሮ ሄደ። ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፤ አሁን እኔ ያለሁበት ዕድሜ ማለት ነው። ትምህርቱ ከብዶት ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል አማርኛውን ረሳው። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ልጃቸው ሞታለች፤ የቀራቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው በአማርኛ ነው፣ ልጁ ደግሞ አማርኛ አይችልም። ከታሪኩ ሁሉ እኔን በጣም ያሳዘነኝ ይኼ ነው። አያት ያላችሁ ሁሉ ይገባችኋል።

ዓለማየሁ ወደ አገሩ መመለስ ይፈልግ ነበር። ግን አልተፈቀደለትም። እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። እዚያም ደስተኛ አልነበረም፤ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ከዚያ ሊድስ ወደምትባል ከተማ ሄዶ የቀድሞ አስተማሪው ቤት ተቀመጠ። እዚያ በብርድ ምክንያት የሳንባ ሕመም ያዘው። መርዝ ያበሉኛል ብሎ ፈርቶ ምግብና መድኃኒት እምቢ ይል ነበር ይባላል። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው 18 ብቻ ነበር። ንግሥቲቱ በጣም አዘኑ። በትእዛዛቸውም ዊንድሰር በሚባለው ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አብረው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፊልም ከተፈጠረ በኋላም እንደ ዓለማየሁ ልጅ ሳሉ ዓለም ያያቸው ልጆች ብዙ ናቸው። አንዱ አሜሪካዊው ጃኪ ኩጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣው ፊልም ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ሲሠራ በጣም ትንሽ ልጅ ነበር። በሥራው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አገኘ። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን እናቱና እንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት ጠበቁት። እናቱን እስከ መክሰስ ደረሰ፤ የደረሰውም 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በእሱ ምክንያት ግን እ.ኤ.አ. በ1939 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ልጅ ተዋናይ ከሚያገኘው ገንዘብ ከፊሉ እስኪያድግ ድረስ እንዲቀመጥለት ያዛል። ኩጋን ራሱ ትልቅ ሰው ሆኖም በቴሌቪዥን ድራማ ሠርቷል። ሸርሊ ቴምፕል የምትባለው ሌላዋ ልጅ ተዋናይ ደግሞ አድጋ አምባሳደር ሆናለች፤ በአፍሪካም በጋና አገሯን ወክላለች። ስለዚህ በልጅነት የታየ ሁሉ መጨረሻው አያምርም ማለት አይደለም።

ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል። ልጅ ሲታይ ሁሉም ከእሱ አንድ ነገር ይወስዳል። አንዱ ፎቶውን፣ አንዱ ገንዘቡን፣ አንዱ ስሙን። ጥያቄው ሲያድግ የሚሆነውን ማን አስቀመጠለት የሚለው ነው። ለኩጋን ገንዘቡን የሚያስቀምጥለት አልነበረም፤ ከእሱ በኋላ ለመጡት ግን ሕግ ወጣላቸው። ለዓለማየሁ ደግሞ ገንዘብ አልጎደለም፤ መንግሥት ይከፍልለት ነበር፣ ንግሥቲቱም ያስቡለት ነበር። የጎደለው ቋንቋውን፣ አያቱንና አገሩን የሚያስቀምጥለት ሰው ነው። ሁሉም አዩት፣ ብዙዎቹም አዘኑለት፤ ስለ ራሱ ሕይወት ሲወሰን ግን የእሱ ፍላጎት አልተቆጠረም።

ይህ ነገር የድሮ ብቻ አይደለም። ዛሬ ትንንሽ ልጆች በስልክ እየተቀረጹ በቲክቶክና በዩቲዩብ ይለቀቃሉ። ሲያለቅሱም ሲወድቁም ይቀረጻሉ፤ ሰው ይስቃል። ልጁ አድጎ ያንን ቪዲዮ ሲያየው ምን እንደሚሰማው የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛም በክበባችን ድራማ ስንሠራ ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል ትንንሽ ልጆች እናመጣለን፤ ስለሚያምሩ ተመልካች ይወዳቸዋል። ከእንግዲህ በመጀመሪያ ራሳቸውን፣ ቀጥሎ ወላጆቻቸውን ብንጠይቅ፤ የትምህርት ሰዓታቸውንም ባንወስድባቸው መልካም ነው እላለሁ። እምቢ ካሉም እምቢ ነው። የክበባችን አባላት በሚቀጥለው ስብሰባ እንድንነጋገርበት ሐሳብ አቀርባለሁ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የስፒዲ ቤተሰቦች ሲጠብቁት የኖሩት የዓለማየሁ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። የአባቱም ፀጉር ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. ተመልሶ ነበር። አፅሙ ግን ገና እዚያው ነው። ከእኛ መካከል አድጎ ሕግ የሚያጠና ወይም አምባሳደር የሚሆን ካለ፣ ይህን ጉዳይ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል